ወፍጮና ዝናብ

ልጄ ኢታይ አዲስ አኒሜ፣ ያን የጃፓን የሥዕል ፊልም፣ ከመጀመሩ በፊት ሂሳብ ይሠራል። ፊልሙ የተወሰደበት የሥዕል መጽሐፍ ጃፓን ውስጥ ስንት ቅጽ እንደወጣለት ይፈልጋል፤ ሠሪዎቹ ከዚህ በፊት የጀመሩትን በስንት ክፍል እንደጨረሱ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነው "ይሄ ይታያል" ወይም "ለዚህ ጊዜ የለኝም" የሚለው። በበጋው መጀመሪያ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እንደተጋደምኩ፣ ስልኩን ይዞ መጣና እግሬ ሥር ተቀመጠ።

"ኢማ፣ አዲስ ወጣ። በሳምንት አንድ ፔሬክ ነው የሚለቁት። አሥራ ሁለት ይሆናል። ከጊዩሴ በፊት ያልቃል።"

ኢማ የሚለው እናቴ ለማለት ነው፤ ፔሬክ የሚለው ክፍሉን ነው። ጊዩሱ ደግሞ ሠራዊት የሚገባበት ቀን ነው፤ ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ ውሃ ልጠጣ በተነሣሁ ቁጥር አየዋለሁ። እኔም በልቤ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ሳምንት።

"አሥራ ሁለት ብቻ?" አልኩት። "ሃያ አራት አይሆንም?"

"ምን አስጨነቀሽ፣ አንቺ እንደሆነ መሀሉ ላይ ትተኛለሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው፣ እተኛለሁ። ቀኑን ሙሉ በአረጋውያን ቤት ሰው ሳነሣና ሳስተኛ እውላለሁ፤ ማዕከላዊ ጣቢያው ጋ ሁለተኛውን አውቶቡስ ስጠብቅ ቆሜም አንቀላፍቼ አውቃለሁ። ግን "ስንት ክፍል ነው?" የሚለው ጥያቄ እንቅልፌን አባረረው። አንድ ተከታታይ ፊልም ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የወሰንኩት እኔ የነበርኩበት ዘመን ነበረና።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ዕብራይስጥ ወደሚነገርበት አገር በዚያ በተጨናነቀ አውሮፕላን ከመጣን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። የምንኖረው እዚሁ ኤይን ሀትኽሌት ሠፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በክረምት ግድግዳው በባሕሩ እርጥበት የሚያልበው ቤት ውስጥ ነው። ታላላቅ ወንድሞቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ናቸው። እማየ ራማት ፖሌግ በሚባል የሀብታም ሠፈር የሰው ቤት ታጸዳለች፤ አመሻሽ ላይ እጇ በረኪና በረኪና እየሸተተ ትገባለች። አባየ የብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔ ሳልነቃ ይወጣል፣ የቤት ሥራዬን ሳልጨርስ ይተኛል። አባቴን የማውቀው በር ላይ በሚሰቀለው ጃኬቱ ላይ በሚቀረው የልጣጭ ሽታ ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ከዚያ ዓይኖቹን ሞራ ጋረዳቸው። መጀመሪያ የአውቶቡሱን ቁጥር መለየት አቃተው። ቀጥሎ የበሰበሰውን ብርቱካን ከደህናው ጋር ማሸግ ሲጀምር አለቃው "ታክመህ ና" ብሎ ወደ ቤት ሰደደው። ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው፣ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት መውጣት ነው አለ። ይህን የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። በቤቱ ውስጥ ዕብራይስጥ የሚያውቀው "አዋቂ" እኔው ነበርኩ። የእኔ ዘመን ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ፤ የመብራቱንም የውሃውንም ደብዳቤ ያነበብነው፣ አስተማሪያችን ስለ ጥፋታችን ወላጆቻችንን ስታናግር መሀል ተቀምጠን የተረጎምነው እኛው ነን። ጥፋቱ አማርኛ ሲሆን ትንሽ ይቀንስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው በቅሎዋ ቤታችን የገባችው። በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ እኔ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ የሥዕል ፊልም ያሳይ ጀመር። አኒሜ የሚባል ነገር መኖሩን ያኔ ማን ያውቃል፤ ዕብራይስጥ ስለሚናገሩ የጃፓን ሥራ መሆኑን እንኳ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ በአንዲት አሮጌ በቅሎ በሚጎተት ጋሪ የወፍጮ ድንጋይ ጭና ተራራ ለተራራ ትሄዳለች። የአያቷ መንደር ወፍጮ ተሰንጥቋል፤ ድንጋዩ እስኪደርስ መንደሩ ሁሉ ዱቄት የለውም። በየክፍሉ ወንዝ ይሞላል፣ ድልድይ ይሰበራል፣ በረዶ ይወርዳል።

አባየ ባገሩ ሳለ ዕድሜውን በበቅሎ ጭነት ነው ያሳለፈው። ማየት ባይሆንለትም ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብሎ ኮቴዋን ያዳምጥ ነበር።

"በቅሎ ተጭና ትሄዳለች እንጅ ጋሪ ትጎትታለች ወይ?" አለ በመጀመሪያው ቀን። በሦስተኛው ቀን ግን ከእኔ ቀድሞ "የኋላ እግሯን አሟታል፣ ስሚ፣ አረጋገጧ ልክ አይደለም" አለኝ። በማግስቱ ልጅቷ የበቅሎዋን እግር በጨርቅ ስታስር አየሁና ጮህኩ። እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሊደነቅ ነው ወይ በሚል ፊት ብርቱካኑን መላጡን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ቦታችን ታወቀ። እሱ የፍራሹ ጫፍ ላይ፣ እኔ ትከሻው ሥር፤ እርጥብ ልጣጭ ማሞቂያው ላይ እየደረቀ ቤቱን ያውደዋል። የሚያወሩትን አማርኛ አደርግለታለሁ፣ የሚታየውንም እነግረዋለሁ። አባት እንዳለኝ ያወቅሁት በዚያ ክረምት ነው።

እማየ ግን የኦፕራሲዮኑን ቀጠሮ ቀን ትቆጥር ነበር። "ሂድና ታከም እንጅ ሰውየ፣ ሳይቃጠል በቅጠል!" ትለዋለች በረኪናውን ከእጇ እያጠበች። እሱም "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላታል። አንድ ቀን አጥብቃ ስትይዘው "እሽ፣ ይች ልጅ ወፍጮዋን ታድርስና እሄዳለሁ" አለ። እማየ ሳቀች፣ እሱ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ "ስንት ቀን ይቀራታል?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንዴት ብዬ ልወቅ? እንደ ዛሬው ስልክ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤት ጠየቅሁ። አንዷ አምሳ ሁለት ነው ብላ በእናቷ ማለች፤ አንዱ መቶ ነው፣ አጎቴ ውጭ አገር አይቶታል አለ። እኔ ለአባየ መቶውን ይዤለት ሄድኩ። እሱም "እንግዲያማ ቀጠሮውን አዛውሪልኝ" አለኝ። ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ። ጸሐፊዋ ድምፄን ሰምታ፣ ልጅ እንደሚያቆላምጥ ሰው "ማሚ፣ አዋቂ ሰው አቅርቢልኝ" አለችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። ቀጠሮው በስድስት ሳምንት ተገፋ።

የመጨረሻው ክፍል የመጣው መቶ ሳይሞላ ነው፤ ሃምሳም አልሞላም። በቅሎዋ እያነከሰች ቁልቁለቱን ወረደች፣ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበላቸው፣ ድንጋዩን አወረዱ፣ ውሃውን ለቀቁት፣ ወፍጮው መዞር ጀመረ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ የበቅሎዋን አንገት አቅፋ ታለቅሳለች። እኔም ዕንባዬ መጣ፤ ግን እንደ እሷ የደስታ አልነበረም። አባየ ሊሄድ ነው፣ ዓይኑ ይበራል፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ለእኔ ጃኬቱ ይቀረኛል። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

"ምንድን ነው የሚሰማው?" አለኝ።

"ዝናብ ነው።"

"ዝናብ?"

"ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ዝናብ ነው። መንገዱን ውሃ ወሰደው፤ ዛፍ ሥር ተጠልለዋል።"

ብርቱካኑን ለሁለት ገመሰ። "ምስኪን በቅሎ" አለና ግማሹን ብርቱካን ሰጠኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቴሌቪዥኑ ፊልሙን ከመጀመሪያው ይደግመው ጀመር። እኔም ለአባየ፣ በጎርፉ ጋሪው ተገልብጦ ድንጋዩ ተሰብሯል፣ ልጅቷ ሌላ ልታመጣ ወደ ኋላ ተመልሳለች አልኩት። ያው ወንዝ፣ ያው ድልድይ፣ ያው በረዶ። ንግግሩን ግን በየቀኑ ከራሴ እየፈጠርኩ አዲስ አደርገዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ሂሳብ እየተሰጠ እኔ የዐሥር ሰዓቱን ውሸት አዘጋጃለሁ። ስድስቱ ሳምንት አለፈ። "ገና ናት?" አለኝ። "ገና ናት።" "እንግዲያማ ደውይ።" ደወልኩ። በዚህኛው ጊዜ ጸሐፊዋ አዋቂ አቅርቢ እንኳ አላለችኝም።

በጸደይ ላይ አባየ የፈላ ውሃ ብርጭቆ ላይ የሚቀዳ መስሎት እጁ ላይ ቀዳው። እማየ የዚያን ዕለት ተረትም ፊልምም አልሰማችም። ከሥራ ቀርታ፣ እኔንም ከትምህርት አስቀርታ፣ በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ፊት አስቀመጠችን። ሐኪሙ በመብራቱ ቀኙን ዓይን አየ፣ ግራውን አየ፣ እንደገና ግራውን አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ቀስ ብሎ፣ እንድረዳው ቃል እየመረጠ ተናገረ። ቀኙ ይበራል። የግራው ሞራ ግን ከልክ በላይ ቆይቶ በዓይኑ ውስጥ ግፊት ፈጥሯል፣ ነርቩን ጎድቶታል፤ አይመለስም። ከጥቂት ወር በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር።

እማየና አባየ አፌን ይጠብቃሉ። ያን ክረምት ሙሉ ወንዝና በረዶ እየፈጠርኩ ሳወራ የኖርኩት ልጅ፣ ያን ቀን አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። "ቢሆን ኖሮ" የሚለውን ጭምር። እማየ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባየ "ይሁን፣ አንዱ ይበቃል" አለ፤ ይህንንም ለሐኪሙ ተረጎምኩለት።

እማየ መድኃኒት ልታወጣ ስትቀር እኔና እሱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጥን። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እንዲህ ያለ ልቅሶ ከዚያ በፊት አላለቀስኩም። ተንፈቅፍቄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፊልሙ ያለቀው በክረምት ነው፣ ድንጋዩም አልተሰበረም፣ ልጅቷ ደርሳለች፣ የዋሸሁህ እኔ ነኝ አልኩት።

አባየ እጁን እየዳሰሰ አምጥቶ ራሴ ላይ አኖረው።

"ትርንጎ" አለኝ። "እናቴ ጧት ጧት ስትፈጭ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ወፍጮና ዝናብ የማልለይ መሰለሽ?"

ቀና ብዬ አየሁት። ያ ሞራ የጋረደው ዓይኑ ወደ መንገዱ ነበር።

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ፈርቸ ነዋ" አለ። "ዓይኔን በስለት ሊነኩት ነው እያልሁ ከአንች ይልቅ እኔ ፈራሁ። አንች ስታስረዝሚው እኔም ተመቸኝ። ደሞም ወሬሽ ደስ ይለኝ ነበር። ጥፋቱ ያባትሽ ነው፣ በይ አፍንጫሽን ጥረጊ፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ቁጥሩን የምታይልኝ አንች ነሽ።"

ቀኝ ዓይኑ በራ። ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም፤ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ በጥበቃነት ተቀጠረና ከሰዓት በኋላ ቤት ይሆን ነበር። የተመኘሁት ደረሰልኝ ማለት ነው፤ በአንድ ዓይን ዋጋ። እስኪያርፍ ድረስ በግራ በኩል ሲመጡበት ይደነግጥ ስለነበር ሁልጊዜ በግራው በኩል ነበር የምሄደው። ይቅር ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይደክመኛል። የሥራ ድካም ተኝቶ ይወጣል፣ ይኼኛው አይወጣም።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ፊልሙ ሳይጀመር መጨረሻው ይታወቃል፤ ማንም ልጅ በምላሱ የቀን መቁጠሪያ አይገፋም። ንግግሩ በጃፓንኛ ነው፣ ከሥሩ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ይሮጣል። ማንበብ አያቅተኝም፤ ግን ከሥራ ስገባ ዓይኔ ከፊደሉ እኩል አይሮጥልኝም። ስለዚህ በዚህ በጋ በየሳምንቱ ማክሰኞ ኢታይ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በዚያች በተሰባበረች አማርኛው እየነገረኝ፣ እኔ እግሬን ጭኑ ላይ ጥዬ አብረን አየን። ስለ አንድ ደሴትና መርከብ ስለሚጠብቁ ሁለት ወንድማማቾች ነው። እንቅልፍ ሲወስደኝ ያቆመዋል፣ ስነቃ ያለፈኝን ይነግረኛል።

ትናንት ሲጀምረው ከላይ በኩል ትንሽ ጽሑፍ ወጣች። "ፔሬክ አሥራ ሁለት፣ የመጨረሻው" ትላለች። እሷን ለማንበብ ዓይኔ በቃኝ። ኢታይ ቶሎ ነካ አድርጎ አጠፋት። አየነው፤ መርከቡ መጣ፣ ወንድማማቾቹ ተሳፈሩ፣ ዘፈኑ ወጣ፣ ስሞች መውረድ ጀመሩ። እኔ እንደተኛ ሰው ዓይኔን ጨፈንኩ። ከወጥ ቤቱ የፍሪጁ ድምፅ ይሰማል። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የፊታችን እሑድ ነው።

"ስንት ይቀረዋል?" አልኩት፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

"ገና ነው ኢማ" አለኝ። "ብዙ ነው ያለው። እኔ ለእረፍት ስመጣ ስመጣ አብረን እናየዋለን። አያልቅም፣ አንቺ ተኚ።"

እሺ አልኩት። ወፍጮና ዝናብ እንደምለይ አልነገርኩትም።