ወንበሩ ቀድሞ ሰመራ ገባ

አዋሽ ሰባት ስኖር ጎረቤቴ ውባየሁ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው። ሃያ ዓመት ከፋይል ጋር ኖሮ፣ ቁጥር ያልተሰጠውን ነገር ማመን ያቅተው ነበር። ለልጆቹ ክትባት ፋይል አለው። ለቤቱ ቆርቆሮ ፋይል አለው። ሚስቱ አስካለማርያም «የኔን ፋይል ብቻ እስካሁን አላሳየኝም» እያለች ትስቅበታለች።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ እድገት ሰጥተው ወደ ሰመራ አዛወሩት። ደስ አለው። የሚተካው መለሰ የሚባል ሰው ግን ከሱም የባሰ ጠንቃቃ ሆነና፣ ፋይሎቹን ገጽ በገጽ ካልቆጠርኩ አልፈርምም አለ። ርክክቡ እስኪያልቅ ለውባየሁ የአንድ ቀን ፈቃድ እንኳ ተከለከለ። ሲያልቅ ደግሞ በአምስት ቀን ውስጥ ሰመራ ሥራው ላይ መገኘት አለበት። ሚስትና ሁለት ልጅ ይዞ፣ የሚያርፍበትን ቤት ሳያውቅ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ለሱ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቤቱን በስልክ ሊከራይ ቆረጠ። ለዚህም አዲስ ፋይል ከፈተ።

ሰመራ ውስጥ ባጃጅ እየነዳ ቤት የሚደልል አብዱናሲር የሚባል ሰው አገኘ። እሱም ከሳምንት በኋላ ወይዘሮ ኸሊዳን በስልክ አገናኘው። ወይዘሮ ኸሊዳ ከወሎ መጥተው ሰመራ ሱቅ የከፈቱ፣ ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። ከሱቃቸው ጀርባ፣ ከሳቸው ግቢ ጎን ለጎን፣ ባለ ሁለት ክፍል የሚከራይ ቤት አላቸው። ውባየሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ስለነበር ንግግሩን እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

«ስንት ናችሁ?»

«አራት ነን፣ እትዬ ኸሊዳ።»

«ዶሮ ታረባላችሁ?»

«የለንም።»

«ቴሌቪዥን ጮክ አድርጎ የሚከፍትስ አለ?»

«የለም። ቀብዱን ዛሬውኑ ልላክልዎት?»

«አይ ወንድሜ፣ ያላየሁትን ሰው ገንዘብ አልቀበልም። ገንዘብ ልኮ የሚቀር አለ። ቤቱ ባዶ ይቆማል፣ ባዶ መሆኑን ያየ ሁሉ በሬን ሲያንኳኳ ይውላል። ዕቃ አስገባ። ዕቃ የገባበት ቤት የተያዘ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ወላሂ ማንም ቢመጣ አልሰጥም።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«የቤት ዕቃ ነዋ።»

ውባየሁ ሌሊቱን አስቦ ሲነጋ ወሰነ። ከስድስቱ የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች አንዱን አንሥቶ፣ እግሩ ላይ ስሙንና ቁጥር ጽፎ፣ ወደ ሰመራ የሚያልፈው አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ወሰደው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ጣሪያው በማዳበሪያና በፍራሽ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ወንበሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «ውስጥ ካልገባ አይሆንም። ውስጥ ከገባ ደግሞ የሰው ቦታ ይይዛል፤ ቲኬት ይቆረጥለታል» አለ። ውባየሁ ተስማማ። ቲኬቱ ላይ የተሳፋሪ ስም የሚጻፍበት ቦታ ነበር። ረዳቱ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀው።

«ወንበር ብለህ ጻፍ» አለ ውባየሁ።

«የአባት ስምስ?»

ውባየሁ ትንሽ አመነታና የራሱን ስም ሰጠ። የቲኬቱንም ቅጂ አንሥቶ ፋይል ውስጥ አስገባው። ወንበሩ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ሄደ።

በማግሥቱ ወይዘሮ ኸሊዳ ደወሉ። «ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ሳሎኑ መሐል አስቀምጬዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሦስት ቀኑ እየደወሉ ስለ ወንበሩ ይነግሩት ጀመር። ትናንት አቧራ ነበረ፤ ወልውለውታል። ቤት ፈላጊ ሹፌር መጥቶ በመስኮት ወንበሩን አይቶ ተመልሷል። አንድ ቀን ደግሞ ትንሽ ከበድ ያለ ጉዳይ ይዘው ደወሉ። ጎረቤት ለቅሶ ነበርና መቀመጫ አነሰ።

«ተከራይ ሳያውቅ ዕቃ አይወጣም ብዬ ነው። ለከሰዓት ብቻ ብወስደው?»

«ምንም አይደል፣ ይውሰዱት» ካለ በኋላ ውባየሁ ፊቱ ተለወጠ። «ግን እትዬ ኸሊዳ፣ ወንበሩ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ይሆናል እኮ።»

ወይዘሮ ኸሊዳ ይህን አላሰቡትም ነበር። ተነጋግረው ተነጋግረው፣ ወንበሩ እስኪመለስ የሳቸው ጀሪካን ሳሎኑ ውስጥ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ስለዚህ ያን ከሰዓት ወይዘሮ ኸሊዳ የራሳቸውን ቤት ለራሳቸው ጀሪካን አከራይተው ለቅሶ ዋሉ።

ርክክቡ ግማሽ ሲደርስ ውባየሁን ሌላ ሐሳብ ያዘው፤ የቱ ዕቃ ገብቶ የቱ ይቀራል? የክፍሎቹን ስፋት ጠየቃቸው። ወይዘሮ ኸሊዳ ሜትር የላቸውም። በእርምጃ እንዳይለኩ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እርምጃቸው አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። በመጨረሻ ራሳቸው ዘዴውን አገኙት። ወንበሩን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እያስጠጉ ለኩት። ሳሎኑ ዘጠኝ ወንበር በሰባት፣ መኝታ ቤቱ ሰባት በስድስት። «በግራ በኩል መኝታ ቤት፣ በቀኝ የኩሽና በር» ብለው አስጻፉት።

የዚያ ወንበር አምስት ወንድሞች አዋሽ አሉ። ውባየሁ በእሑድ ቀን ግቢው ውስጥ አንዱን ወንበር እያስጠጋ ለካና ሰመራ ያለውን ቤት በሙሉ ልኩ በኖራ መሬት ላይ አሰመረው። በር ያለበትን ቦታ ክፍት ተወው። መስኮቱን በሁለት ድንጋይ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ ኖራው ውስጥ ደረደረ።

አስካለማርያም መጀመሪያ አፍራ ነበር። «ሰው ምን ይላል?» አለችው። እሱም «ሰው አይደለም ሰመራ የሚኖረው» አላት። በሁለተኛው ሳምንት ግን እሷም ገባችበት። አልጋው ራስጌው በጠዋት ፀሐይ በኩል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል ብላ ወደደችው። ልጆቹ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ኡራኤልና ትንሿ ኩኩ፣ እዚያ ውስጥ ያጠኑ ጀመር። አንድ ቀን እኔ መዶሻ ልመልስ ብዬ ቀጥ ብዬ ወደ አስካለማርያም ስሄድ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«በግድግዳ ነው እንዴ የምትገባው? በሩ እኮ እዚያ ጋ ነው።»

ይቅርታ ጠይቄ ዞሬ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዞሬ ስገባ ትንሽ ጥላ ያገኘሁ መሰለኝ።

ፍየሎችና ነፋስ ብቻ ናቸው ያስቸገሩት። በመኝታ ቤቱ አቋርጠው ያልፋሉ፣ ነፋሱም ኖራውን ያበነዋል፤ ውባየሁ በየጠዋቱ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ግድግዳውን ያድሳል። ቁም ሳጥኑ በየትኛውም በኩል ቢዞር መስኮቱን ስለጋረደ እንደማይሄድ ተወሰነ። ለኔ ሰጡኝ። እስካሁን ልብሴ እሱ ውስጥ ነው።

መለሰ የመጨረሻውን ገጽ ቆጥሮ የፈረመው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ሄዱ። የቀረውን የነገረኝ ራሱ ውባየሁ ነው፤ መጀመሪያ በስልክ፣ በኋላ ደግሞ ለሥራ ሰመራ ሄጄ ቤታቸው ባረፍኩበት ጊዜ።

የደረሱት ቀትር ላይ ነው። ወይዘሮ ኸሊዳ በሩን ከፈቱላቸው። ወንበሩ ሳሎኑ መሐል ተቀምጧል፤ ሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎለታል። ኡራኤል ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደለመደው ገብቶ ወደ ግራ ታጠፈ። ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ከኋላው የነበረችው ኩኩ ከኡራኤል ጋር ተላተመች። አስካለማርያም ሁለት ድስት ይዛ ወደ ቀኝ ሄደችና ኩሽና ነው ብላ መኝታ ቤት ውስጥ ተገኘች።

ውባየሁ የቤቱን ሥዕል የያዘውን ፋይል አወጣ። ሥዕሉን አየ፣ ቤቱን አየ። «እትዬ ኸሊዳ፣ መኝታ ቤቱ በግራ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«በግራ ነው እንጂ» አሉና ወደ ውስጥ ገብተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ግራ እጃቸውን ዘረጉ። «ይኸው። ቁጭ ብዬ ነው የደወልኩልህ።»

ውባየሁ ሥዕሉን ገልብጦ ለፀሐይ ዘረጋው። ከጀርባው ሲታይ ቤቱ ልክ ነበር። በጀርባው ላይ «ትክክለኛው ገጽ» ብሎ ጽፎ ፈረመበት።

ቤቱ ሲገለበጥ ግን ፀሐዩም አብሮ ተገለበጠ። አስካለማርያም የወደደችው መኝታ ቤት የከሰዓትን ፀሐይ ፊት ለፊት የሚቀበል ሆነ። አልጋውን ገጣጥመው ሲጨርሱ ብረቱ በእጅ አይነካም ነበር። አስካለማርያም ጫፉ ላይ ለመቀመጥ ሞከረችና ተነሣች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ውባየሁም ሸሚዙን ከላይ ሁለት ቁልፍ ፈታ፤ ይህን ሲያደርግ ልጆቹ አይተው አያውቁም።

ወይዘሮ ኸሊዳ ግራ ገብቷቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ያያሉ። «አልጋውን ለምን እዚህ ገጠማችሁት?»

«መኝታ ቤት አይደለም እንዴ?» አለ ውባየሁ።

«ስሙ ነው እንጂ! በዚህ ወቅት ሰመራ ላይ ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? አልጋ ግቢ ነው የሚዘረጋው። ሁሉም ሰው ውጭ ነው የሚያድረው።»

«እና አምስት ሳምንት ሙሉ ስንነጋገር ይህን አልነገሩኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅከኝ፣ ልጄ? ስለ ቤቱ ነው የጠየቅከኝ።»

አስካለማርያም ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። አልጋውን ፈትተው ግቢው ውስጥ እንደገና ገጠሙት። ግቢውን ማንም አልለካውም ነበር፤ ሁሉም ዕቃ በቃው።

እኔ የሄድኩት በነሐሴ ነው። ቤቱ ውስጥ ልብስ፣ እህልና የውባየሁ ፋይሎች ነበሩ፤ ሰዎቹ ውጭ ናቸው። ኩኩ ከጎረቤት የአፋር ልጆች ጋር እየተጫወተች በአፋርኛ ትጨቃጨቃለች፤ እናቷ ምን እንዳለች ስትጠይቃት «አይመለከትሽም» ትላለች። በሰሌን ዳሱ ሥር ምሳ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳንጎርስ፣ ወይዘሮ ኸሊዳ ከአጥሩ ማዶ «አስካለ! ውኃ መጣ!» ብለው ተጣሩ። ቤተሰቡ በሙሉ ብድግ አለ። እንግዳ ነህ ያለኝ የለም፤ አስካለማርያም ባልዲ አስያዘችኝና ሰልፉ ላይ በወይዘሮ ኸሊዳና በውባየሁ መሐል አቆመችኝ። በርሜሉ እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ምሳችንን ከሰዓት ላይ በላን።