ቁጥር ያልለጠፉት ሯጭ

ባሕር ዳር ላይ ግማሽ ማራቶን ስሮጥ ጣና ዳር ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ልቆም ስል ነጠላ ያደገደጉ፣ የላስቲክ ጫማ ያጠለቁ ሽማግሌ ደረሱብኝ። እሳቸው እየሮጡ እኔ መቆሜ አሳፈረኝና ተከተልኋቸው።

«አባቴ፣ የደረት ቁጥርዎ የታለ?» አልኋቸው እያለከለክሁ።

«የምን ቁጥር ልጄ? ልጄን ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች!»

ውድድሩን ትቼ አብሬያቸው ታጠፍሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ ባለቤታቸው እልል እያሉ ወጡ። «ሴት ናት! ሁለቱም ደኅና ናቸው!»

ሽማግሌው መሬት ስመው እዚያው ተቀመጡ።

«ከየት ጀምረው ነው የሮጡ?» አልኋቸው ውኃ እያቀበልሁ።

«ከዘጌ። ሐይቁ ላይ ማዕበል ተነሥቶ ጀልባ ቢጠፋ ጊዜ ጎህ ሲቀድ በእግሬ ተነሣሁ።»

 እኔ ሳልጨርስ የተውሁት ውድድር፣ ሙሉውን ብሮጠው እንኳ ዘጌ አያደርስም።