ሽማግሌ ተልኮ የተገዛ ቤት

ቤት ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ጠበቃም ደላላም አይደለሁም፤ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ነገር ግን ሐዋሳ ላይ አንዲት ቤት ስገዛ ስንቱን በጥያቄ እንዳደረቅሁ ያየ ሁሉ «እሷን ጠይቋት» ማለት ለምዷል። ካርታው እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ቀብድ ሲሰጥ ምን ይጻፋል? እያሉ ይጠይቁኛል፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻ ግን እኔ ራሴ አንድ ጥያቄ እጨምርላቸዋለሁ። እሱን ያስተማሩኝ ቤቱን የሸጡልኝ እናት ናቸው።

ያኔ ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር መሃል ከተማ በኪራይ ነበር የምንኖረው። አከራያችን ልጃቸው አግብቶ ሊገባበት ስለሆነ በወሩ መጨረሻ እንድንለቅ ነገሩን። ዕቃ መጫንና ማራገፍ ስለሰለቸኝ ከእንግዲህ ወደ ኪራይ ቤት አልገባም ብዬ ማልኩ። አንድ ደላላ ከጉዱማሌ መናፈሻ ብዙም ሳይርቅ በረንዳው ሰፊ፣ ጓሮው ጎመን የሞላበት ቤት አሳየን። ገና ከበሩ ስገባ ወደድኩት።

ባለቤቴ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነው። ሻጩ በሰፈሩ የተከበሩ የሲዳማ አዛውንት ስለነበሩ «እሳቸውን ካርታ ያምጡ ማለት ነውር ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ጀመርኩ። ዋናውን ካርታ ያሳዩኝ። ባንክ አስይዘውታል? ፍርድ ቤት አግዶታል? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ከጎረቤት ጋር የድንበር ክርክር አለ? ማዘጋጃ ቤት ሄጄም ያንኑ ጠየቅሁ። ይህ አልበቃ ብሎኝ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። ሻጩ ሁሉንም በትዕግሥት ሲመልሱ ቆይተው «ልጄ፣ የምትገዢው ቤቱን ነው ወይስ እኔን?» አሉኝ። ተሳስቀን ቀብድ ሰጠን።

ካርታው ላይ የነበረው የሳቸው ስም ብቻ ነው። ሚስታቸውን እማማ እንላቸው ነበር፤ በሄድን ቁጥር ወንበር ያወጡልናል፣ ወተት ያቀርቡልናል፣ ከዚያ ወደ ጓሯቸው ይመለሳሉ። ሕጉ የሚስትንም ፊርማ እንደሚጠይቅ ስለማውቅ ደላላውን ጠይቄው ነበር። «ቀኑ ሲደርስ መጥተው ይፈርማሉ» አለኝ።

ቀኑ ደርሶ ሁላችንም ውልና ማስረጃ ሄድን። ሠራተኛዋ እንደ ሥርዓቱ ወደ እማማ ዞራ «እናቴ፣ ቤቱ እንዲሸጥ ተስማምተዋል?» አለቻቸው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ እማማ።

ደላላው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሻጩ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አሏቸው፤ እማማ ግን ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ መለሱ።

«ሦስት ሴት ልጅ ከዚያ ቤት ዳርኩ። ለሁሉም ሽማግሌ መጣ፣ ደጅ ቆመ፣ ለመነ። ቤቱን ግን ዝም ብሎ መውሰድ? ቤት ከልጅ ያንሳል?»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሳቸው ካልተስማሙ አይሆንም» አለችና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አጉረመረምኩ። ቤቱ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ለማልቀስ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ባለቤቴ ግን «እውነታቸውን እኮ ነው። ለምን ሽማግሌ አንልክም?» አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ያ ይሉኝታው እንዲህ ሲጠቅመን የመጀመሪያው ነበር።

አባቴንና ጡረታ የወጡ ጎረቤታችንን ላክን። አባቴ ጋቢውን ለብሶ «ልጅ ለምኜ አውቃለሁ፤ ቤት ስለምን ግን ይኸው በስተርጅና» እያለ ወጣ። ሲመለስ ሁሉን በሳቅ እየተንፈቀፈቀ ነገረን። እማማ ወዲያው ግቡ አላሏቸውም። ደጅ እንዳቆሟቸው «ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አሉ። «ቤትዎን ለልጃችን ፈልገን።» «ልጃችሁ ጎመን ትኮተኩታለች?» ሲሉ አባቴ ዓይኑን ሳያሽ «ሲበዛ እንጂ!» አለ። እኔ እኮ የማሰሮ አበባ እንኳ አጠውልጌ የምጥል ሴት ነኝ። እማማ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጡም፤ እንደ ደንቡ «ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ቅዳሜ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው።

እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነበር፤ አከራያችንም በር በሩን ማየት ጀምረው ነበር። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ በቅቤ በራሰ የቆጮ ቡርሳሜና በእርጎ ጠግበው ተመለሱ። «ሰጥተውናል!» አለ አባቴ ገና ከአጥር ውጭ ሆኖ። ልጆቹ ማን ሊያገባ ነው ብለው ሮጠው ወጡ።

እንደገና ውልና ማስረጃ ቀረብን። ያቺው ሠራተኛ ጠየቀች፤ እማማም ቀና ብለው «አዎ፣ ተጠይቄ ተስማምቻለሁ» አሏት። እስክሪብቶ ሰጠቻቸውና ወደኛ ዞራ «ገዢ በማን ስም ይሁን?» አለች።

«በኔ» አለ ባለቤቴ። ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቅሁት ሴት አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ይኼም የሚጠየቅ ነገር መሆኑ ትዝ አላለኝም።

እማማ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። «የሷስ?»

ባለቤቴ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ባልና ሚስት አይደለን? ያው እኮ ነው።»

«ያው ከሆነ በሷ ስም ይጻፋ!»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው ራሱ ባለቤቴ ነው፤ እየሳቀም «የሁለታችንንም ጻፊልን» አላት። ሠራተኛዋ ስሜን ስትጽፍ እማማ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«እኔንም ‹ያው ነው› ነበር ያሉኝ» አሉኝና ፈረሙ።