ቄጤማ ለፈረሰው ሰፈር

ሰፈራችን ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከደብሩ አጥር ሥር ነበረ። ባለፈው ክረምት እንደወጣ ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። ሰዉ ከከተማው ወጥቶ ከፊሉ ፀዳ፣ ከፊሉ ኮላ ድባ ዘመዱ ጋ ገባ። እኔና አባቴ ብቻ አልራቅንም፤ ቄስ ናቸውና በደብሩ ግቢ አንዲት ክፍል ተሰጠቻቸው።

በየዓመቱ በቀዳም ስዑር፣ በፋሲካ ዋዜማ ጠዋት፣ ዲያቆኑ ቃጭል እየመታ አባቴ በየደጁ ቄጤማ ያድሉ ነበር። ሰዉ ተቀብሎ ራሱ ላይ ያስራል። የመጨረሻው ቤት የአንዲት ጥጥ ፈታይ ነበር። "ምነው አባ፣ ለእኔ ሁልጊዜ ቀጫጫው!" ሳትል ተቀብላ አታውቅም። እውነቷን ነው፣ ወፍራሙ እሷ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ዘንድሮም አባቴ አንድ ሸክም ቄጤማ አሳጭደው ተነሡ። ዲያቆኑ ሌላ ሰፈር ስለተመደበ ሸክሙ እኔ ላይ ወደቀ። የእሳቸው ዓይን ደክሟል፤ የእኔ አፍ ግን አያርፍም።

"አባ፣ ለማን ሊሰጡት ነው? ቤት እኮ የለም።"

"የኖኅ ርግብ ቅጠሉን ስታመጣ በምድር ላይ ቤት ነበረ?" አሉኝ።

ሸክሙን አንሥቼ ተከተልኳቸው። ግን ፈርቼ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ከባረኩት ሰፈር እጃቸውን የሚስም አንድ ሰው አጥተው ሲመለሱ ማየት አልፈለግሁም።

እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። ደጅ በነበረበት ሁሉ ቆም እያሉ ባረኩ። ከድንጋይና ከቆርቆሮ ስብርባሪ በቀር የሚቀበል የለም። "እንመለስ" ልል ስል፣ ከመንገዱ መጨረሻ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች ሴት አየሁ። ፈታይዋ ናት። ከፀዳ በማለዳ ሚኒባስ መጥታ፣ ደጇ በነበረበት ላይ ቆማለች።

"ምነው ቆዩሳ፣ አባ?" አለች።

ድምጿን ሲሰሙ አባቴ ፈጠን ብለው ወደ እሷ ተራመዱ። እኔማ አለቀስኩ። ሸክሙን ሙሉውን አስዘረጉኝና፣ "ዛሬስ ወፍራሙን ምረጪ" አሏት።

ጎንበስ ብላ አገላበጠችና አንዲት ቀጫጫ መዘዘች።

"ሌላው የሰው ነው። ይመጡ ይሆናል፣ ይቆይላቸው" ብላ ራሷ ላይ አሰረቻት።

ከደጃፏ በተረፈው ድንጋይ ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን። ማንም አይመጣም ባይዋ እኔ ነበርኩ፤ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ የምነሣውም እኔው ሆንኩ።