«ጉንፋን ነው» ያሉን ሁሉ

ታላቅ እህቴ በጡት ካንሰር ታማ ባሕር ዳር ኬሞ ስትጀምር፣ ሐኪሙ እኔንም አስቀምጦ ነገረኝ። «መድኃኒቱ በሽታ የምትከላከልበትን አቅም ያዳክመዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠጋት። ትኩሳት ከጀመራት ሳታሳድሩ ይዛችኋት ኑ።» ገብቶኛል አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ጨርሳ እንጅባራ ቤቷ ስትገባ ጠያቂው ጎረፈ። አስተማሪ ናት፤ በከተማው ያላስተማረችው ቤተሰብ የለም። በሩ አጠገብ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አስቀመጠች። ሰው ግን «ተጸየፈችን» ብሎ ተቀየመ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ አላባራ ብሎ ግማሹ ሰው ያስላል። በስንቱ ፊት በር ይዘጋል?

አንድ ቅዳሜ አጎታችን ከግምጃ ቤት ከተማ መጡ። አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ያድርጉት» አልኳቸው።

«ምን ሆኜ? ጉንፋን እኮ ነው። ጉንፋን ሰው ሲገድል አይተሃል?»

መሸፈኛውን ኪሳቸው ከተው ገቡና አገላብጠው ሳሟት። ፊቷን ለማዞር ሞከረች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ወንበር አቀረብኩላቸው። ይሉኝታ ያዘኝ። ያን ይሉኝታ ስረግመው ብውል አይወጣልኝም።

በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ ጋለ። የወሰድኳት እዚያው ከተማ ካለ ክሊኒክ ነው። ባለሙያው ከወረቀቱ ቀና አላለም።

«ኬሞ ላይ ናት» አልኩት።

«ሰሞኑን ሁሉንም የያዘው ይኸው ነው። ጉንፋን ነው። ፓራሲታሞል ትውሰድ፣ ትኩስ ነገር ትጠጣ።»

ደግሜ አልተናገርኩም፤ እንዲያውም ቀለለኝ። «እትዬ፣ ጉንፋን ነው አሉ» ብዬ ወደ ቤቷ መለስኳት። ሁለት ሌሊት አሳደርናት። በሁለተኛው ንጋት ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘሁት። መኪና ተኮናትሬ ወደ ባሕር ዳር ስንከንፍ፣ ዳንግላን እንዳለፍን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና «አየር አጣሁ» አለች።

ሐኪሙ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመራት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ሳንባዋን ይዞታል። አንተን ጥቂት ቀን አስተኝቶ የሚለቅህ በሽታ እሷን ይገድላታል። የዚህ በሽታ መድኃኒት ደህና የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነበር።»

ሦስት ሳምንት ያህል በኦክስጅን ተነፈሰች። ተረፈች፤ ሰው ሁሉ «ተመስገን» ብሎ ነገሩን ዘጋው። መትረፏ ግን እንዲህ ነው፦ ከአልጋዋ ተነሥታ ደጅ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ሳንባዋ እስኪያገግም ኬሞው ተቋርጦ፣ በመሀል የጡቷ እብጠት አደገ።

ወደ ቤት በተመለሰች በሳምንቱ አጎታችን እንደገና መጡ። «እግዜር ያመጣውን ምን ይደረጋል» አሉ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ።

«እግዜርን ይተዉት! ያመጡት እርስዎ ነዎት። ያስገባሁዎት ደግሞ እኔ!»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ደነገጠ። አጎታችን ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። ዘመድ ለሽምግልና ተላልኮ ይቅርታ ጠይቅ ቢለኝ እምቢ አልኩ።

በዚያው ቀን ቤቱ ባዶ ሲሆን እህቴ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣

«ይህን… ያን ቅዳሜ… ብትላቸው ምን ነበረበት?» አለችኝ።