ድምፁን ካላወጣ የማያሰላው የአክስቴ ልጅ

የአክስቴ ልጅ ፊዚክስን አፉን ዘግቶ መሥራት አይችልም ነበር። ቀልድ አይደለም። ቁጥር ሲያይ ይወዛወዛል፣ ያጉረመርማል፣ መልሱ ሲቀርበው ደግሞ ይጮኻል። ቢቸና ቅኔ ቤት ነው ያደገው። ጎን ለጎን እስከ ስምንተኛ ተምሮ፣ ዘጠነኛን ከእኔ ጋር ሊማር ሞጣ እኛ ቤት መጣ። ቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ እያጉረመረመ ሲያወጣ ሲያወርድ ይቆይና መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰበውን ይናገራል። ሌላ የማጥኛ መንገድ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፊዚክስ ወደቀ። ያውም ለጥቂት አይደለም፣ በደንብ ወደቀ። አባቴ ራት ላይ፣ "ሁለተኛውን ካለፍክ እዚሁ ትማራለህ፤ ካላለፍክ ግን ወደ የኔታህ ትመለሳለህ። እዚያም እዚህም ሳትሆን መቅረት የለብህም" አሉት። እሱም "እሺ ጋሼ" ብሎ ጉርሻውን ዋጠ። መብረቁ ታይቶ ነጎድጓዱ ለምን እንደሚዘገይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጠይቅ የኖረ ልጅ ነው፤ ፊዚክስን ልቡ ጠፍቶ ነው የሚወደው። አባቴን መቆጣት ስለማይቻል እሱን ተቆጣሁት።

"ምን ዓይነቱ ነህ አንተ! ቤት ስትሠራው ትክክል፣ ክፍል ስትሠራው ባዶ!"

"ክፍል ውስጥ ዝም በል ይሉኛላ፣ እቴ።"

እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት ሳቅ የማይጠፋትን፣ አብራን የምትማረውን የጎረቤታችንን ልጅ ጨምረን እኛ ጓሮ በሱ መንገድ ማጥናት ጀመርን። እያንዳንዳችን አንድ ጥያቄ ይዘን እንበታተናለን፤ እኔ ጌሾው ሥር፣ እሷ ባሕር ዛፉ ሥር፣ እሱ አጥሩ ጥግ። ከዚያ መጥተን ቆመን እንናገራለን፣ የቀሩት ይሰነጣጥቁናል። የተሳሳተ ወደ ዛፉ ይመለሳል። እናቴ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሦስታችንም ለየራሳችን ስናጉረመርም አይታ "ኧረ በስመ አብ!" ብላ ተመለሰች። ግን ምን ያደርጋል፣ ገባኝ! አክስለሬሽን የሚባለው ነገር እዚያ ጌሾ ሥር ነው የገባኝ።

ችግሩ ያው የሱ ድምፅ ነው። ዝም ብሎ እንዲሠራ አፉን ውኃ አስሞልቼ ጥያቄ ሰጠሁት። ትንሽ ታገለና ዋጠው። ደግሜ አስሞላሁት፣ ዋጠው። ጣሳው አለቀ፣ ጥያቄው እዚያው ነው፣ እሱ ሽንት ቤት ሲመላለስ ዋለ። የጎረቤታችን ልጅ መሬት ላይ ተንከባልላ ሳቀች፤ እኔ ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ይሄ ልጅ መሄዱ ነው፣ አልኩ በልቤ።

የፈተናው ቀን ፈታኛችን የሲቪክስ መምህሩ ሆኑ። ገና በኮሪደር ሲመጡ ክፍሉ ጸጥ የሚልላቸው ሰው ናቸው። ወረቀቱ ታደለ። ከኋላው ስለተቀመጥኩ አየዋለሁ፤ ከንፈሩን ነክሶ ወረቀቱ ላይ አፍጥጧል፣ እስክሪብቶው አይንቀሳቀስም። ሁላችንም አንድ ገጽ ስንገለብጥ እሱ እዚያው ነው። በመጨረሻ ብድግ አለ።

"የኔታ፣ በረንዳው ላይ ልሥራው? ድምፅ ካላወጣሁ አይመጣልኝም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቁም። ላይ ታች አዩትና፣ "ዴስክህን ይዘህ ውጣ። ድምፅህ እዚህ ከገባ ግን ወረቀትህን እወስዳለሁ" አሉት።

ወጣ። መጀመሪያ ምንም አይሰማም ነበር፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ወደ ላይ ስለተወረወረችው ኳስ የሚጠይቀው ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ጣመው መሰለኝ፣ ድምፁ በመስኮቱ ገባ። "ከላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ዜሮ… አራት መቶ ለሃያ ሲካፈል…"

ያን ጊዜ ሳልኩ። እንዴት ያለ ሳል! የጎረቤታችን ልጅም ገብቷት ከወዲያ ጥግ ተቀበለችኝ። የቀረው ክፍል መልሱን ሊሰማ ጆሮውን አቁሞ "እሽሽሽ!" ይለናል፣ እኛ እንስላለን።

"ምን ሆናችኋል እናንተ?"

"ጉንፋን ነው መምህር!"

እሳቸው ግን ሰምተዋል። በሩን ከፍተው ሲወጡ ሳሌ ቆመ። በመስኮቱ ሳይ እጃቸውን ወደ ዴስኩ ዘረጉ። አለቀ፣ ወሰዱበት፣ አልኩ። ወረቀቱን አልነኩም። የዴስኩን አንድ ጫፍ ያዙ፣ ሌላውን እሱ ያዘ፣ ተሸክመውት ግቢውን አቋርጠው ከሩቁ ዋርካ ሥር አስቀመጡት። ተመልሰው እጃቸውን እያራገፉ ገቡና፣ "ጆሮውን ውጭ የረሳ ሰው ካለ ሰብስቦ ወደ ወረቀቱ ይመለስ" አሉ። እኚያን ሰው ጉልበታቸውን ብስማቸው ደስ ባለኝ።

ወረቀቱ የተመለሰ ዕለት ከእጁ መንጭቄ አየሁት። "አልፈሃል! ኧረ አንተ፣ አልፈሃል!"

"ቆይ እስቲ፣ እቴ" ብሎ ወረቀቱን መልሶ ወሰደብኝና የፊዚክስ መምህሩ ጋ ሄደ። "የኔታ፣ እቺኛዋ ላይ የት ጋ ነው የሳትኩት?"

"አለፍክ እኮ ልጄ፣ ሂድ ተደሰት!"

"እሱን ሰማሁ፣ የኔታ። እቺ ግን አልገባችኝም።"

መምህሩ ያነሱትን ቦርሳ መልሰው አስቀመጡና ጠመኔ ፈለጉ። እኔ መጠበቅ አቃተኝ፤ ብቻዬን ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ በር ላይ ቆመው ነበር።

"እሱስ የታለ?" አሉ ፊታቸው ተለዋውጦ።

"ትምህርት ቤት ነው አባባ። አልፏል! ያልገባችው አንዲት ጥያቄ ስላለች ነው የቀረው።"

አባቴ ከበሩ ዞር ብለው አሳለፉኝ።

"እንግዲያው ምሳውን ክደኝለት" አሉኝ፤ "ይዘገያል።"