ከብረቱ የከበደው ወሬ

ሊበን ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ጅቡቲ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ለሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ምልምሎች በተጫኑበት ቀን እንኳ በፉርጎዎቹ መካከል እያንጎራጎረ ያልፍ ነበር።

ባቡሩ ይሄዳል ሐዲዱ ይቀራል፣
የወደደ ሰው ግን ሁለቱን ይሆናል።

በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግን ዜማው ጉሮሮው ላይ ደከመ። ላብ ትራሱን ያርሰዋል፣ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተታል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ንፍፊት አበጠ።

በሰፈሩ በመጋላ እብጠት በጋለ ብረት ይተኮሳል። ሽማግሌው ዋርፋ ብረት አግለው ተኮሱት። ቁስሉ ሳይጠግግ ከሥሩ ሌላ እብጠት ወጣ። ያኔ ነው ሆስፒታል የሄደው፤ ከእብጠቱ ቆንጥረው፣ ደሙንም ቀድተው አዲስ አበባ ላኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ወልደጻድቅ በሩን ዘጋ።

«የንፍፊት ካንሰር ነው፤ ሊምፎማ ይባላል። ደምህ ውስጥ ደግሞ የኤድስ ቫይረስ አለ።»

«አንድ ሰው ላይ ሁለት?»

«ቫይረሱ ለካንሰሩ መንገድ ሳይጠርግለት አልቀረም። ሰውነትህን የሚጠብቁትን ሕዋሳት ይጨርሳል። ንፍፊትህ ዓመታት ሙሉ ያለ እረፍት ሲዋጋ፣ ሲባዛ ይኖራል፤ በዚያ ግርግር አንዱ ሕዋስ ይበላሽና መራባቱን አላቆምም ይላል። የሚያስቆመው ዘብ ደግሞ ደክሟል። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት ግን አይደለም።»

«መተኮሴስ?»

«ጠባሳ ነው ያተረፈልህ። ሊበን፣ ሚስትህም መመርመር አለባት። ንገራት።»

ቤት ሲደርስ ፍሙ ቀልቷል። ሚስቱ ሃሊሞ ዋርፋን ዳግመኛ አስጠርታለች።

«ና ተቀመጥ» አሉ ሽማግሌው ብረቱን እያገላበጡ። «ባለፈው እንደ ፍየል እየጮኽክ ሰፈሩን ሰበሰብክብኝ።»

ሃሊሞ ሳቀች። ሳቋ ሊበንን አደከመው። አንገቱን ቢሰጥ ይቀለው ነበር፤ ብረት ያማል እንጂ አይጠይቅም። እሱ ዝም ካለ ግን የእሷን ደም ማን ያይላታል?

«አዴር ዋርፋ፣ አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ ከሃሊሞ ጋር የምናወራው አለን።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ወጡ። ሊበን ነገራት፤ ሳያዜም፣ ሳያስጌጥ።

«ጅቡቲ ስታድር አንድ ቀን ጠይቄህ አውቃለሁ?» አለች ሃሊሞ።

«አታውቂም።»

«አሁንም አልጠይቅህም። ደክሞኛል።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጠዋት አጠገቡ አልነበረችም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሆስፒታሉ ደረሰ። ሃሊሞ የላብራቶሪው በር ላይ ተራ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየችውም። ሊበን እያለከለከ ሲቆም ግን፣ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።